ለአንዷ ሙዝ ብይ፣ ለአንዱ ሙዝ ተው

ተወያዮቹ ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ መምህርና የሕፃናት ሐኪም የሆነችው የእህታቸው ልጅ ናቸው። የመምህሩ የልጅ ልጅ፣ የስድስት ዓመት ልጅ፣ በኩላሊት ሕመም ሆስፒታል ተኝቷል። የሚያክሙት ሌሎች ሐኪሞች ናቸው።

መምህር፦ አንድ ነገር አልገባኝ ብሎ ነው ያስጠራሁሽ። ልጁ ከተኛበት አልጋ አጠገብ አንዲት ልጅ ተኝታለች። ሁለቱም «የኩላሊት ሕመምተኛ» ተብለው ነው የገቡት። የኛን ልጅ ሙዝ እንዳይቀምስ ከልክለውታል። ያቺን ልጅ ግን እናቷ ጠዋት ሙዝ፣ ማታ ሙዝ ታበላታለች፤ ያውም ሐኪም «ይጠቅማታል» ብሏት ነው። እናቶቹ ሲጨዋወቱ ይህን ደረሱበት። የኛዋ «ልጄን በከንቱ አስራቡብኝ» እያለች ትብከነከናለች። ከሁለቱ ሐኪሞች አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው?

ሐኪም፦ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ ጋሼ። የኩላሊት ሕመም ስንል ብዙ ዓይነት በሽታ ነው በአንድ ስም የምንጠራው። የእናንተ ልጅ ኩላሊት ፖታሲየምን ማስወጣት ከብዶታል። የዚያች ልጅ ኩላሊት ደግሞ መያዝ አቅቶት በሽንት እያፈሰሰው ይሆናል። በአንዱ ላይ ይከማቻል፣ ከአንዷ ይጎድላል። ቢበዛም ቢያንስም የሚጎዳው ልብና ጡንቻ ነው።

መምህር፦ እኔ ፖታሲየምን የማውቀው ኬሮሲን ውስጥ ተነክሮ ነው። ቁራጯን ውሃ ላይ ስጥላት በሐምራዊ ነበልባል እየነደደች ስትሽከረከር ተማሪው ሁሉ ከወንበሩ ይነሣ ነበር። ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1807 ለንደን ላይ በኤሌክትሪክ ለይቶ አወጣው፤ ጨዉ እዚሁ አገራችን ዳሎል ላይ ሞልቷል እያልኩ አስተምሬያለሁ። ይህ ነገር የልጅ ልብ ውስጥ ምን ይሠራል?

ሐኪም፦ ሰውነት ውስጥ ያለው ብረቱ ሳይሆን አዮኑ ነው። ከጠቅላላው 98 በመቶ ያህሉ በሕዋሶቻችን ውስጥ ይኖራል። እዚያ በሊትር ከ140 እስከ 150 ሚሊሞል ይደርሳል፤ ደም ውስጥ ግን ከ3.5 እስከ 5 ገደማ ብቻ ነው። ገና በተወለዱ ሕፃናት ትንሽ ከፍ ይላል። ይህን ልዩነት ሌት ተቀን የሚጠብቅ ፓምፕ በሕዋሱ ሽፋን ላይ አለ፤ ሦስት ሶዲየም ወደ ውጭ፣ ሁለት ፖታሲየም ወደ ውስጥ። ዴንማርካዊው የንስ ስኩ የሸርጣን ነርቭ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1957 አሳወቀው፤ ከ40 ዓመት በኋላም የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመበት። ነርቭ መልእክት ሲያስተላልፍ፣ ጡንቻ ሲኮማተር፣ ልብ ሲመታ የሚሠሩት ከዚህ ልዩነት በሚያገኙት የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ደም ውስጥ ያለችው ያቺ ትንሽ መጠን ከፍም ዝቅም ስትል ልብ ወዲያው የሚናወጠው ለዚህ ነው።

መምህር፦ ምን ያህል ትንሽ? ቁጥር ስጪኝ።

ሐኪም፦ ልጁ ስንት ኪሎ ይመዝናል?

መምህር፦ 20።

ሐኪም፦ 20 ኪሎ ልጅ ከሕዋስ ውጭ ያለው ፈሳሽ ከ4 እስከ 5 ሊትር ይሆናል። በሊትር 4 ሚሊሞል ብለው ያባዙት።

መምህር፦ ከ16 እስከ 20 ሚሊሞል።

ሐኪም፦ አንድ መካከለኛ ሙዝ ውስጥ ደግሞ 11 ሚሊሞል ገደማ ፖታሲየም አለ።

መምህር፦ ሁለት ሙዝ 22 ነው! ታዲያ ሁለት ሙዝ የበላ ልጅ ሁሉ ደሙ ውስጥ ያለው እጥፍ ይሆናል ማለት ነው? ጤነኛው ልጅ እንዴት ይተርፋል?

ሐኪም፦ የሚያተርፉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ልጁ ሲበላ ኢንሱሊን ይመነጫል። ኢንሱሊን ስኳሩን ብቻ ሳይሆን ፖታሲየሙንም ወደ ሕዋስ ያስገባል፤ ይህ ጊዜ መግዣ ነው። ሁለተኛ፣ በሚቀጥሉት ሰዓታት ኩላሊት ትርፉን በሽንት ያስወጣዋል። ከምንበላው ፖታሲየም 90 በመቶ ያህሉ የሚወጣው በኩላሊት ነው፤ የቀረው በዓይነ ምድር። ኩላሊት ሲደክም አንጀት የራሱን ድርሻ ከፍ ያደርጋል፤ ግን ሁሉንም አይችለውም።

መምህር፦ የኛ ልጅ ኩላሊት ችግር ከእናቱ ሆድ የጀመረ ነው ብለውናል። የሽንት መውጫው ውስጥ የሆነ ነገር ዘግቶት ኖሯል።

ሐኪም፦ ወንዶች ልጆች ላይ የምናየው ነው። ገና ጽንስ ሳለ በሽንት ቧንቧው ውስጥ ስስ ሽፋን ይፈጠርና ሽንቱን ያግደዋል፤ የታገደው ሽንት ወደ ኋላ እየገፋ ኩላሊቱን ይጎዳል። በአዋቂ ላይ ኩላሊትን ለዘለቄታው የሚያደክሙት በአብዛኛው ስኳርና ደም ግፊት ናቸው፤ በልጆች ላይ ግን የአፈጣጠር ችግር ቀዳሚውን ቦታ ይይዛል። በድንገት የሚመጣም አለ፦ ከጉሮሮ ወይም ከቆዳ ቁስለት በኋላ ኩላሊት ይቆጣል፣ ወይም በከባድ ተቅማጥ ፈሳሽ ያለቀበት ልጅ ሽንቱ ይቋረጣል። የእነዚህ ኩላሊት ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። እስኪመለስ ባሉት ቀናት ግን ፖታሲየሙ ሊገድል ይችላል።

መምህር፦ ወደ ወረቀቱ ልምጣ። የገባ ዕለት 6.9 የሚል ውጤት መጣ። ሕክምና ይጀምራሉ ስል ሌላ ደም ቀዱት፤ ደረቱ ላይም ሽቦ ለጣጥፈው የልብ ምርመራ አነሡት። ነገሩ አስቸኳይ ነው እየተባለ ድጋሚ ምርመራ ምን የሚሉት ነው?

ሐኪም፦ የልጆች ደም ሥር ስስ ነው። ክንድ አጥብቆ ታስሮ፣ በቀጭን መርፌ ተስቦ ወይም ከተረከዝ ተጨምቆ የተወሰደ ደም ውስጥ ቀይ ሕዋሳት ይፈነዳሉ። የያዙት ፖታሲየም ብልቃጡ ውስጥ ይፈስሳል፤ ማሽኑም ያንን አብሮ ይቆጥራል። ናሙናው ላብራቶሪ ሳይደርስ ሰዓታት ከቆየም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ወረቀቱ 6.9 ሲል የልጁ ደም ውስጥ ያለው 4.5 ሊሆን ይችላል። ጤነኛውን ልጅ ፖታሲየሙን በግድ ብናወርደው እሱም አደጋ ነው።

መምህር፦ ሁለተኛው ውጤት እስኪመጣስ? እውነት 6.9 ቢሆንና ልቡ ቢቆም?

ሐኪም፦ የልብ ምርመራው፣ ኢሲጂው፣ የተነሣው ለዚያ ነው። ላብራቶሪው እስኪመልስ ልቡን ራሱን ጠየቁት። ፖታሲየም ሲበዛ መጀመሪያ ቲ የሚባለው ሞገድ ሾሎ ከፍ ይላል። ከዚያ ከላይኛው የልብ ክፍል የሚመጣው ምልክት እየሳሳ ይጠፋል፤ የዋናው ምት ምልክት እየሰፋ ይሄዳል። ይባስ ካለ ሁሉም ተቀላቅሎ ከፍ ዝቅ የሚል አንድ ሞገድ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠበቀው የልብ መቆም ነው። ኢሲጂው ከተለወጠ ሁለተኛውን ውጤት ማንም አይጠብቅም፤ ሕክምናው ወዲያው ይጀመራል። በተቃራኒው ኢሲጂው ደህና ስለሆነ ብቻ ከፍተኛውን ቁጥር አንንቅም፤ ምንም ሳያሳይ በድንገት የሚናወጥ ልብ አለና።

መምህር፦ ልጁ ራሱ አይናገርም? ሕመም የለውም?

ሐኪም፦ ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማውም። አንዳንዱ እግሩ ይዝላል፣ ይደነዝዘዋል፣ የልቡ ምት ይዘገያል ወይም ይዛባል። ግን የስድስት ዓመት ልጅ «ጡንቻዬ ደከመ» ብሎ አይነግርዎትም፤ ዝም ብሎ ጨዋታ ይተዋል። የቀጠሮ ደም ምርመራ የማይዘለለው ለዚህ ነው።

መምህር፦ ሁለተኛውም ከፍ ያለ ሆነ። ያኔ በደም ሥሩ ካልሲየም በዝግታ ሰጡት፤ ዓይናቸውም ከልብ መቆጣጠሪያው አልተነሣም። ካልሲየም የአጥንት አይደለም እንዴ?

ሐኪም፦ የልብም ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ሲድኒ ሪንገር የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም የእንቁራሪት ልብ ከአካሏ አውጥቶ በጨው ውሃ ውስጥ ያስመታ ነበር። ልቡ በደንብ መታ። በኋላ ሲታወቅ የጨው ውሃው የተበጠበጠው በተጣራ ውሃ ሳይሆን በለንደን የቧንቧ ውሃ ነበር። በተጣራ ውሃ ሲደገም ልቡ ደክሞ ቆመ።

መምህር፦ የቧንቧው ውሃ ካልሲየም ነበረበት!

ሐኪም፦ አዎ። ካልሲየምና ፖታሲየም በልብ ላይ አንዱ የሌላውን ሥራ እንደሚገታም ሪንገር በዚያው ሙከራ አየ። ሆስፒታል ውስጥ «ሪንገር» እያልን የምንሰቅለው ፈሳሽ ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። የልጅዎ ልጅ የወሰደው ካልሲየም በደቂቃዎች ውስጥ ልቡን ያረጋጋል። ፖታሲየሙን ግን ጨርሶ አያወርደውም፤ ጥበቃውም ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቢቆይ ነው።

መምህር፦ ቀጥሎ ኢንሱሊን ሲሰጡት እናቱ «ልጄ ስኳር የለበትም!» ብላ ጮኸች።

ሐኪም፦ መጮኋ አይፈረድባትም፤ ቀድሞ የነገራት ሰው ከሌለ። ኢንሱሊኑን ከግሉኮስ ጋር ነው የሰጡት፤ ዓላማው ፖታሲየሙን ወደ ሕዋስ ማስገባት ነው። ለአስም የምንጠቀምበት ሳልቡታሞልም በጭምብል ሲሳብ ይህንኑ ይሠራል። ደሙ ውስጥ አሲድ ከበዛ ደግሞ ባይካርቦኔት ይጨመራል። አንዳቸውም ግን ፖታሲየሙን ከሰውነት አያስወጡትም። እንግዳ ሊመጣ ሲል ሳሎን የተዝረከረከውን ዕቃ ወደ ጓዳ እንደማስገባት ነው፤ ሳሎኑ ለጊዜው ጸዳ ይላል እንጂ ዕቃው ከቤት አልወጣም። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ኢንሱሊኑ ስኳሩን እንዳይጥለውም ጣቱን እየወጉ መለካት አለባቸው።

መምህር፦ ከቤት የሚያስወጣውስ?

ሐኪም፦ መንገዱ ሦስት ነው። ሽንት ያለው ልጅ ከሆነ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት፣ ላሲክስ ይሰጠዋል። ሁለተኛው አንጀት ውስጥ ፖታሲየምን ይዞ ከዓይነ ምድር ጋር የሚወጣ ዱቄት ነው፤ ቀስ ያለ ስለሆነ ለአጣዳፊ አይሆንም፣ የቆየው ዓይነት ገና የተወለደን ሕፃን አንጀት ሊጎዳ ይችላል። ሦስተኛው እጥበት ነው። ለትንሽ ልጅ በሆድ በኩል የሚደረገው እጥበት ትልቅ ማሽን አይፈልግም። ፈሳሹ በቀጭን ቱቦ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይገባል፣ ይቆያል፣ ይወጣል። መደበኛው ፈሳሽ ፖታሲየም የለበትም፤ ስለዚህ ፖታሲየሙ ከደም ወደ ፈሳሹ ይሻገራል። ለልጅ የሚሆን የደም እጥበት ደግሞ በአገራችን የሚገኘው በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ነው። ከሩቅ ሪፈር የተባለ ልጅ መንገድ ከመጀመሩ በፊት ካልሲየሙና ኢንሱሊኑ በወቅቱ መሰጠታቸው በሕይወት መድረስና አለመድረሱን ሊወስን ይችላል።

መምህር፦ አሁን ዋናው ጠባችን ወደሆነው ወደ ሳህኑ እንምጣ። ሙዝ የለም፣ ድንች የለም፣ ቲማቲም የለም፣ ምስር የለም። እናቱ ከዘመድም ከጎረቤትም የሰማችውን እየጨመረች ዝርዝሩን አስረዘመችው። ልጁ የቀረለት ነጭ ሩዝና ማካሮኒ ነው።

ሐኪም፦ ሳህኑ ወደ መጨረሻ ይሁን ጋሼ። የልጆችን የኩላሊት ምግብ የሚያጠኑ ከተለያዩ አገሮች የተውጣጡ ሐኪሞችና የሥነ ምግብ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት መመሪያ ላይም ከምግብ ውጭ ያለው ምክንያት እንዲፈተሽ ይመክራሉ። አዋቂ ሰው ቢከሳ ክብደቱን መልሶ ያገኛል። ልጅ ግን እያደገ ነው፤ የሚጨምረው ሥጋ ሁሉ ፖታሲየም ይፈልጋል። ሳህኑን ያለ ምክንያት ባራቆትነው ቁጥር ቁመቱንም አእምሮውንም እንነካለን።

መምህር፦ ከምግብ ውጭ ያለው ምክንያት ምንድን ነው?

ሐኪም፦ አንደኛው መድኃኒት ነው። ምን እየወሰደ ነው?

መምህር፦ ለግፊቱ ኢናላፕሪል። የሽንት ኢንፌክሽን እንዳይመለስበት ደግሞ ኮትሪሞክሳዞል።

ሐኪም፦ ሁለቱም ፖታሲየም ከፍ ያደርጋሉ። ኢናላፕሪል ኩላሊት ፖታሲየም እንዲያስወጣ የሚያዝዘውን ሆርሞን ያዳክማል። ኮትሪሞክሳዞል ውስጥ ያለው ትሪሜቶፕሪም ደግሞ መውጫውን በቀጥታ ይዘጋል። ለሕመም የሚሰጡት ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም እንዲሁ፤ ለኩላሊቱም ጠንቅ ናቸው። እብጠት ለመቀነስ የሚታዘዘው ስፓይሮኖላክቶን፣ ኩላሊት ለተተከለለት ልጅ የሚሰጠው ታክሮሊመስ ከዚሁ ወገን ናቸው።

መምህር፦ እንግዲያው ኢናላፕሪሉን እናቁምለት!

ሐኪም፦ እንዳያደርጉት! ኢናላፕሪል ኩላሊቱ ቶሎ እንዳያልቅ የሚጠብቅለት ዋና መድኃኒት ነው። ማቆም፣ መቀነስ ወይም መለወጥ የሚያክመው ሐኪም ውሳኔ ነው። የእርስዎ ድርሻ ልጁ የሚውጠውን ሁሉ፣ ከመንደር መድኃኒት ቤት የተገዛውንም ቅጠላ ቅጠሉንም ሳይደብቁ መናገር ነው።

መምህር፦ ሁለተኛውስ?

ሐኪም፦ የሆድ ድርቀት። ቅድም አንጀት ድርሻውን ከፍ ያደርጋል ብያለሁ፤ ሦስት ቀን ያልተጸዳዳ ልጅ ያ መውጫ ተዘግቶበታል። አትክልት በከለከልነው መጠን ይባስ ይደርቃል፤ ፖታሲየምን ፈርተን የጀመርነው ክልከላ ራሱ ፖታሲየሙን ያስቀርበታል። ሦስተኛው በደም ውስጥ የሚጠራቀም አሲድ ነው፤ አሲዱ ሲበዛ ፖታሲየም ከሕዋስ ወደ ደም ይወጣል። ለብዙ የኩላሊት ልጆች ቤት ባይካርቦኔት የምናዝዘው በከፊል ለዚህ ነው። አራተኛው ረሃብ ነው።

መምህር፦ ረሃብ? ካልበላ ከየት ይመጣል ፖታሲየሙ?

ሐኪም፦ ከራሱ ሥጋ። ያልበላ ልጅ ኢንሱሊኑ ይቀንሳል፣ ጡንቻው ይፈርሳል፤ በሕዋሱ ውስጥ የተከማቸው 98 በመቶ ቀስ በቀስ ወደ ደም ይለቀቃል። ምርመራ አለው ተብሎ ቀኑን ሙሉ ጾሙን የዋለ የኩላሊት ልጅ ፖታሲየሙ ምንም ሳይበላ ሊጨምር ይችላል። ፍርሃት ያሳጠረው ሳህን የፈራነውን ቁጥር ከፍ ሊያደርገው ይችላል ማለት ነው።

መምህር፦ ይህንን ለእናቱ ነገ ነው የምነግራት። ግን እኮ ምግቡም ከነጭራሹ የለበትም አትይኝም።

ሐኪም፦ አልልም። ሌላው ሁሉ ተፈትሾ፣ ቁጥሩ ግን አሁንም ከፍ ካለ ምግቡ ይስተካከላል። ቅድሚያ የሚቀነሰው ግን ለልጁ ብዙ የማይጠቅመው ነው። የታሸገ ሥጋና ቺፕስ ይውጣ። ጭማቂ ቤት የሚሸጠው የአቮካዶና የማንጎ ስፕሪስ ይውጣ፤ አንድ ብርጭቆ ውስጥ ልጁ በአንድ ጊዜ የማይበላው ፍሬ ተጨምቆ አለ። ከአሜሪካ ዘመድ ለደም ግፊት ብሎ የሚልከው ሶዲየም የቀነሰ ጨው ደግሞ ከልጁ ወጥ ይራቅ፤ የሶዲየሙን ቦታ የያዘው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው።

መምህር፦ አያቱ ቤት አለ እሱ ጨው። ዛሬውኑ አስነሣዋለሁ።

ሐኪም፦ ከዚያ አበሳሰሉ ነው። ፖታሲየም ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ እርስዎ ያውቁታል። ድንች ተልጦ፣ በስሱ ተከትፎ፣ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋ ፖታሲየሙ በግማሽ ያህል ሊቀንስ ይችላል። በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ ማሳደር ብቻ ግን ያን ያህል አይሠራም፤ እሳቱ ያስፈልጋል። ጎመን ቀቅሎ ውሃውን መድፋት የኛ እናቶች ድሮም የሚያደርጉት ነው። ምስርም እንደዚሁ፤ የተቀቀለበት ውሃ ግን ወጥ ውስጥ አይመለስ። በተረፈ ጉዳዩ የመጠን ነው፤ በሳምንቱ ውስጥ ግማሽ ድንች ሊፈቀድለት ይችላል፣ በየቀኑ ሁለት ሳህን ግን አይሆንም። ልኩን ከደም ውጤቱ ጋር እያየ የሚያወጣለት የሥነ ምግብ ባለሙያ ነው።

መምህር፦ ወተትስ? ጎረቤታችን ኩላሊቱ የደከመ የአራት ወር ሕፃን አላት። ጡቷ ደረቀ ብላ የላም ወተት ጀምራለች።

ሐኪም፦ ሂሳቡን እርስዎ ይሥሩት። የእናት ጡት ወተት በሊትር 13 ሚሊሞል ገደማ ፖታሲየም አለው፤ የላም ወተት 38 ገደማ። ሕፃኑ 5 ኪሎ ይመዝን፣ በቀን ሦስት ሩብ ሊትር ይጠጣ።

መምህር፦ ከጡት ወደ 10 ሚሊሞል፤ በኪሎ 2 ማለት ነው። ከላሙ 28 ተኩል፤ በኪሎ 6 ሊሞላ ትንሽ የቀረው።

ሐኪም፦ መመሪያው እንዲህ ላለ ሕፃን መነሻ የሚያደርገው በቀን በኪሎ ከ1 እስከ 3 ሚሊሞል ነው። ጡት መካከሉ ላይ ያርፋል፤ የላም ወተት ወደ ላይኛው ወሰን እጥፍ ይጠጋል። ለጤነኛውም ሕፃን ከዓመት በፊት የላም ወተት ዋና ምግብ አይሆንም፤ ኩላሊቱ ለደከመ ደግሞ ይብሳል። ጡቷ እንዲመለስ ትረዳ፤ ካልሆነ የሕፃናት ዱቄት ወተቱን ዓይነት ሐኪሙ ይምረጥላት።

መምህር፦ እሺ፣ አሁን ሙዝ የምትበላዋን ልጅ አስረጂኝ። እናቷ እንደምትለው ልጅቷ ስትመጣ መቆም አልቻለችም ነበር፤ እግሯም ጎብጧል።

ሐኪም፦ ልጅቷን ሳላያት «ይህ ነው» አልልዎትም። የሚነግሩኝን የሚመስል አንድ በሽታ ግን አለ። ኩላሊቱ ቆሻሻውን ያጣራል፤ አሲድን ማስወጣት ግን ያቅተዋል። አሲዱ አጥንትን ያለሰልሳል፣ ልጁን ያቀጭጫል። በዚያው ላይ ፖታሲየሙ በሽንት ይፈስሳል፤ በጣም ሲያንስ ጡንቻ ይዝላል፣ አንጀት ይሰንፋል፣ ልብም ምቱ ይዛባል። ኩላሊቱም ሽንት ማጥለል ያቅተውና ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲሸና፣ ውሃ ሲለምን ያድራል። ሌላም አለ፤ እብጠት ላለበት ልጅ ላሲክስ በብዛት ሲሰጥ፣ ተቅማጥ ሲራዘም ፖታሲየም ይጎድላል።

መምህር፦ እንግዲህ የእሷ ፈውስ ሙዝ ነው።

ሐኪም፦ ሙዝ ብቻውን አይበቃትም። ፖታሲየም ሲትሬት ወይም ሌላ ሽሮፕ በልክ ትወስዳለች፤ ሙዙ ደጋፊ ነው። ለእንዲህ ያለ ልጅ ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው፤ ፖታሲየሙ በጣም አንሶ ሳለ አሲዱን ብቻ በባይካርቦኔት ብናክም የቀረው ፖታሲየም ወደ ሕዋስ ገብቶ ደሙ ይባስ ይራቆታል፣ የመተንፈሻ ጡንቻዋም ሊዝል ይችላል። በደም ሥር የሚሰጥ ፖታሲየም ደግሞ በብዙ ፈሳሽ ተበጥብጦ፣ በዝግታ፣ ልቧ እየታየ ነው። ሳይበጠበጥ በሲሪንጅ በቀጥታ ቢገፋ ልብ ያቆማል።

መምህር፦ አሁን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ወረቀቱ የሚለካው ደሙን ነው። አንቺ ግን 98 በመቶው ሕዋስ ውስጥ ነው አልሽኝ። ታዲያ የምናነበው ቁጥር የመጋዘኑን ልክ አይነግረንም።

ሐኪም፦ አይነግረንም። በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅን ይውሰዱ። ደሙ ሲለካ ፖታሲየሙ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ሕዋሱ ግን ተራቁቷል። ለዚህም ነው ለተቅማጥ የምንሰጠው መደበኛው ኦ.አር.ኤስ. በሊትር 20 ሚሊሞል ፖታሲየም ሲኖረው፣ በምግብ እጥረት ክፉኛ ለተጎዱ ልጆች የሚዘጋጀው ሪሶማል 40 የሚይዘው። ያንኑ ሪሶማል ሽንቱ ለተቋረጠ ልጅ ብንሰጠው ደግሞ ልንጎዳው እንችላለን። በቁጥሩ ላይ የልጁን ሽንት፣ ክብደት፣ መድኃኒት፣ ኢሲጂ አብረን ካላነበብን እንሳሳታለን።

መምህር፦ የኛ ልጅ ተቅማጥ ቢይዘው ታዲያ ኦ.አር.ኤስ. ልከልክለው?

ሐኪም፦ ፈሳሹ ሲያልቅ ኩላሊቱ ይብስ ይደክማል፣ አሲዱም ይጨምራል፤ ፖታሲየሙ ከፍ ሊል ይችላል። በዓይነ ምድር ብዙ ካጣ ደግሞ ዝቅ ሊል ይችላል። የትኛው እንደሆነ ቤት ተቀምጦ አይታወቅም። ኦ.አር.ኤሱን እያጠጡት በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ቀጠሮ አይጠብቁ። በእንዲህ ያለ ቀን ኢናላፕሪሉን ለጊዜው ማቆም ያስፈልግ እንደሆነም አሁኑኑ፣ ልጁ ሳይታመም፣ ሐኪሙን ጠይቀው ይጻፉት።

መምህር፦ ለእናቶቹ ምን ልበላቸው? ያንዷ ምክር ላንዷ አይሆንም ብዬ ላስታርቃቸው?

ሐኪም፦ በዚያ ብቻ አያቁሙ። «አትስጪው» የሚል ትእዛዝ ብቻ የያዘች እናት ያልተጻፈ ምግብ ሲመጣ፣ ልጇ ሆዱ ሲደርቅ ወይም ትኩሳት ሲይዘው ምን ማድረግ እንዳለባት አታውቅም። የአንዱ ኩላሊት ማስወጣት እንዳቃተው፣ የአንዷ መያዝ እንዳቃተው ይንገሯቸው። ምክንያቱን ካወቁ አንዳቸው የሌላዋን ልጅ አይተው አይደነግጡም፤ መደጋገፉም ይቀጥላል። ምግብና መድኃኒት ግን ከአልጋ ወደ አልጋ አይሻገር።

መምህር፦ ለኛ ልጅስ ነገ ሐኪሙን ምን ልጠይቅ?

ሐኪም፦ አምስት ነገር። የዛሬው ፖታሲየም ስንት ነው፣ ናሙናውስ ደህና ነበር ወይ? አሲዱስ? ከሚወስዳቸው መድኃኒቶች የትኛው ፖታሲየም ከፍ ያደርጋል? ከምግቡ ምን ያህል ይፈቀድለታል፣ ዝርዝሩስ መቼ ይከለሳል? ቀጣዩ የደም ምርመራ መቼ ነው? ክብደቱና ቁመቱ በየቀጠሮው ይለካ፤ ፖታሲየሙ ወርዶ ልጁ ማደግ ካቆመ ሕክምናው ተሳክቷል አንልም። መልሱን በአንድ ደብተር ይጻፉት፤ ሌላ ሆስፒታል ቢገባ የሚቀበለው ሐኪም ከዚያ ይጀምራል።